አውቶቡሱ ይቅደም ወይስ ሕንፃው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው በአንድ የከተማ ዳርቻ አስተዳደር የፕላን ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ዋናው ከተማ የሚወስድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሰፊ መንገድ አለን። ግራና ቀኙ መጋዘን፣ ነዳጅ ማደያና የመኪና መሸጫ ነው። ከኋላ ደግሞ በአጥር የተከለሉ የመኖሪያ ሰፈሮች አሉ። አውቶቡስ አለ፤ ግን ማንም አይተማመንበትም። የትራንስፖርት ባልደረቦቻችን ‹ሰው በሌለበት አውቶቡስ አንጨምርም› ይላሉ። እኛ ደግሞ ‹አውቶቡስ ሳይኖር ፎቅ ብንፈቅድ መንገዱ በመኪና ይታነቃል› እንላለን። በዚህ ክርክር ሦስት ዓመት አለፈን። ከየት እንጀምር?»

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሦስት ዓመት የፈጀውም ለዚህ ነው። አንዳችሁ ብትሳሳቱ ኖሮ ነገሩ በአንድ ስብሰባ ያልቅ ነበር። ባዶ የሚመላለስ አውቶቡስ በጀት ይበላል። አውቶቡስ በሌለበት የተፈቀደ ፎቅም መኪናውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «ማን ይቅደም» የሚለውን ለጊዜው እንተወውና ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ እንይ። እሱም ፌርማታው ነው። ፌርማታ ስል ምሰሶውንና መጠለያውን ብቻ አይደለም። ከዚያ እስከ ቤት በር ያለውንም የእግር መንገድ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ላጫውትዎት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ተሳፋሪ እንድቆጥር ተላኩ። ቦታው ከከተማ ዳር ያለ፣ የእናንተን የሚመስል ሰፊ መንገድ ነው። ሰዓቱ ማታ 12 ሰዓት አልፏል። አንዲት ሴት ሁለት ከባድ ፌስታል ይዛ ወረደች። ሰፈሯ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት ነው። የሚቀርባት ማቋረጫ ግን 600 ሜትር ይርቃል። ግራ ቀኝ አየች። መኪና ሳሳ ሲል ግማሹን መንገድ ሮጣ ተሻገረች። መሀል ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ የኮንክሪት አካፋይ አለ። መጀመሪያ ፌስታሎቹን በላዩ አሻግራ አስቀመጠች። ከዚያ ራሷ ወጣችበት። ቀሪውን ግማሽ ስትጨርስ ደግሞ አጥር ጠበቃት። አጥሩን ይዛ ትንሽ ሄደችና ሰው ብሎኬቱን ነቅሎ በሠራት ቀዳዳ ሾልካ ገባች።

ከአውቶቡሱ በር እስከዚያች ቀዳዳ ቀጥታ ቢለካ 150 ሜትር ቢሆን ነው። በሕጋዊው መንገድ፣ በማቋረጫውና በሰፈሩ ዋና በር ብትዞር ግን 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ቢሮ ተመልሼ ካርታውን ሳይ ያ ሰፈር «ፌርማታ በ400 ሜትር ውስጥ ያለው» ተብሎ አረንጓዴ ተቀብቷል። በካርታ ላይ ክብ የሚስለው ኮምፓስ አጥር አያውቅም።

400 ሜትር የሚባለው ልኬት የመጣው ከእግር ነው። ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይራመዳል። ለአውቶቡስ 5 ደቂቃ ያህል ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። ለባቡር ሲሆን እጥፉን፣ 800 ሜትር ድረስ ይታገሣል። ስለዚህ ክቡን በካርታ ላይ ከመሳል ይልቅ ሄዶ መለካት ነው። እናንተ ዘንድ ያሉትን ሰፈሮች በእግር ብትለኩ «የተሸፈነ» ከተባለው ውስጥ ብዙው ከክልሉ ውጭ ሆኖ እንደሚገኝ እገምታለሁ።

ሌላም አለ። ጠዋት ከዚህኛው ጎን የተሳፈረ ሰው ማታ የሚወርደው በዚያኛው ጎን ነው። በሁለት አቅጣጫ በሚሄድ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ ተሳፋሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ አስፋልቱን ያቋርጣል። ማምለጫ የለውም። ማቋረጫ የሌለው ፌርማታ እንግዲህ ግማሽ ፌርማታ ነው። በእኔ ሚዛን የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ መግባት ያለበት እዚህ ነው። መብራት ያለው ማቋረጫ፣ መሀል ላይ የእግረኛ ማረፊያ፣ በአጥሮቹ መካከል ሕጋዊ መተላለፊያ። ይህ ሥራ የፎቅ ፈቃድም አዲስ አውቶቡስም አይጠብቅም። ዛሬ ያለውን ነዋሪ ዛሬ ላለው አውቶቡስ ያቀርበዋል። «ሰው የለም» ከሚባለው ውስጥ የተወሰነው እኮ አለ፤ አጥር ጀርባ ነው ያለው።

አሁን ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። አንድ ጊዜ 9 ኪሎ ሜትር መንገድ ተሰጠኝና ግራና ቀኙን 200 ሜትር ስፋት ባለው አንድ ቀለም ቀባሁት። «ቅይጥ አጠቃቀም፣ ከፍተኛ ጥግግት» ብዬ ጻፍኩበት፤ መኖሪያና ንግድ ተቀላቅሎ፣ በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ቤት ማለት ነው። ካርታው ያምር ነበር። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ሳየው አንድ ቦታ ላይ ብቻውን የቆመ ባለ ስምንት ፎቅ አለ። ከሱ 3 ኪሎ ሜትር አልፎ ሌላ። በመሀል ነዳጅ ማደያ፣ መጋዘን፣ ነዳጅ ማደያ። ከአንዱ ፎቅ ወርዶ በእግሩ የትም መድረስ የሚችል ሰው አልነበረም።

ምን ሆነ መሰለዎት? የእናንተን ብናሰላው 12 ኪሎ ሜትር በሁለቱም ጎን 200 ሜትር ሲባዛ 480 ሄክታር ይመጣል። አንድ የከተማ ዳርቻ በዓመት የሚገነባው ሕንፃ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ያንን ጥቂት በ480 ሄክታር ላይ ሲበትኑት የትም አይታይም። እያንዳንዱ አልሚ መሬት የረከሰለትን ቦታ ይመርጣል። አውቶቡሱም ለአንድ ለሁለት ሰው በየቦታው ይቆማል።

ስለዚህ መንገዱን እንደ መቁጠሪያ ያስቡት። ክሩ አውቶቡሱ ነው፤ ፍሬዎቹ ጥቂት የተመረጡ ቦታዎች ናቸው። በ400 ሜትር ራዲየስ የተከበበ አንድ ቦታ 50 ሄክታር ያህል ይሆናል። በ12 ኪሎ ሜትር ላይ አራት አምስት ቦታ መለየት ይቻላል። ግን ሁሉንም በአንዴ አትክፈቷቸው። በሁለት ጀምሩ። 100 ሄክታር ራሱ ለእናንተ ሰፊ ነው።

የትኞቹ ሁለት? ሌላ የአውቶቡስ መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ ይሻላል። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ ካለበት ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ቀን ላይም አውቶቡሱ ሰው ያገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ይዞታውን ተመልከቱ። ትልልቅ ቁራሽ ሆኖ ባለቤቶቹ ጥቂት ከሆኑ ነገሩ ይንቀሳቀሳል። አርባ ባለይዞታ ያለበት ግማሽ ሄክታር ግን ጡረታ እስክትወጡ ድረስ አይነቃነቅም።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን አርሊንግተንን እንይ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዋሽንግተን ሜትሮ ሲታቀድ ባቡሩ በፈጣን አውራ ጎዳና መሀል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ለሐዲድ ይቀላላ! አስተዳደሩ ግን ተከራክሮ እያረጀ በነበረው የንግድ ጎዳና ሥር በዋሻ እንዲያልፍ አደረገ። የሮስሊን ጣቢያ በ1977 ተከፈተ፤ መስመሩ እስከ ቦልስተን የደረሰው በ1979 ነው። በመሀል ያሉትን ጨምሮ አምስት ጣቢያዎች ናቸው። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በየጣቢያው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ከጣቢያው ጥቂት ብሎክ ራቅ ሲሉ ከፍታው እየወረደ ይሄድና የድሮዎቹ የመኖሪያ ቤቶች እንዳሉ ይገኛሉ። መስመሩ የተዘረጋው መሬቱ መለወጥ በሚችልበት በኩል ነው። ብዙ ቦታ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይሠራል። መጀመሪያ መንገድ የቀለለበት ይመረጥና ሰዉ በኋላ ይፈለጋል።

«ኩሪቲባስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የብራዚሏን ከተማ የማይጠቅስ የአውቶቡስ ሰው የለም። ልክ ነው፣ ኩሪቲባ ክር እንጂ ፍሬ አይደለችም። የፈጣን አውቶቡስ መስመሮቹ ሥራ የጀመሩት በ1974 ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች መስመሩን ተከትለው ያለማቋረጥ ተሰልፈዋል። የመንገዱ አሠራርም ብልህ ነው። መሀል ላይ አውቶቡስ ብቻ፣ ከጎንና ጎኑ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና፣ አንድ ብሎክ ራቅ ብሎ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ጎዳናዎች። ግን ሁለት ነገር አይርሱ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በፍጥነት ታድግ ስለነበር ክሩን የሚሞላ ሕንፃ ነበራት። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ከመስመሮቹ ራቅ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ግንባታ እያነሰ ይሄድ ነበር። እዚህ መፈቀዱ ዋጋ ያገኘው እዚያ በመከልከሉ ነው።

የዴንማርኳ ኮፐንሃገንም በሌላ መንገድ ይህንኑ ታደርጋለች። በ1947 የወጣው ፕላኗ ከተማዋ በባቡር መስመሮች ላይ እንደ አምስት ጣቶች እንድታድግ ነበር። ዛሬ ድረስ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ቢሮ መሠራት ያለበት በመርሕ ደረጃ ከጣቢያ በ600 ሜትር ውስጥ ነው። እናንተ ዘንድ ሁለቱን ቦታዎች ከፍታችሁ ከከተማው ወጣ ባለው ሜዳ ላይም ትልልቅ የገበያ ማዕከል የምትፈቅዱ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። አልሚው ሜዳው ላይ ነው የሚሄደው። እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምሄደው።

ስለ ጥግግት አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ሰዎች ቃሉን ሲሰሙ ሰማይ ጠቀስ ይታያቸዋል፤ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጩኸት የሚነሳውም ለዚህ ነው። የትራንስፖርት ተመራማሪዎቹ ቦሪስ ፑሽካሬቭና ጄፍሪ ዙፓን በ1977 ባወጡት ስሌት በግማሽ ሰዓት አንዴ ለሚመጣ አውቶቡስ በሄክታር 17 ገደማ ቤት ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ለሚመላለስ አውቶቡስ ደግሞ 37 ገደማ። 37 ቤት በሄክታር ማለት ለአንድ ቤት መንገዱንም ጨምሮ 270 ካሬ ሜትር መሬት ማለት ነው። ይህ ሦስትና አራት ፎቅ ነው፤ ወይም ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች። እርግጥ ስሌቱ የአሜሪካ ከተሞች ነው። አውቶቡሱ የሚሄድበት መሀል ከተማ ትልቅነትም ይወስነዋል። ቢሆንም ለክርክራችሁ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ የምትጨቃጨቁበት ረጅም ፎቅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ፎቁን ከምትጨምሩ የመኪና ማቆሚያውን ደንብ ቀንሱ። ብዙ ቦታ ያለው ደንብ ለ100 ካሬ ሜትር ሱቅ አራት መኪና የሚያቆም ቦታ ይጠይቃል። አንድ መኪና መዞሪያውን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይይዛል። አራቱ ሲደመሩ ከሱቁ አያንሱም፤ ሊበልጡም ይችላሉ። ደንቡ እንግዲህ «አንድ ሱቅ ስትሠራ ሌላ ሱቅ የሚያህል አስፋልት አንጥፍ» እያለ ነው። ያ አስፋልት ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ነው። ከአውቶቡስ የወረደው ሰው በቆሙ መኪኖች መሀል እየተሹለከለከ ሱቁ በር ይደርሳል። የአሜሪካዋ ቡፋሎ በ2017 ዝቅተኛውን የማቆሚያ ግዴታ በመላ ከተማዋ አነሳች። እናንተ በሁለቱ ቦታዎች ውስጥ ብቻ አንሱት። ሕንፃው ወደ እግረኛው መንገድ ይጠጋ፤ መኪናው ከኋላ ይቁም። ባዶ የሚውል የመኪና ማቆሚያ ካላችሁ ደግሞ ሀብት ነው። ማንም ሳይፈናቀል ሊገነባበት ይችላል።

አሁን የትራንስፖርት ባልደረቦችዎ ተራ ነው። «አውቶቡስ አንጨምርም» ይበሉ። አይጨምሩ። የ12 ኪሎ ሜትሩ መስመር ዛሬ በአማካይ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ነው፤ ደርሶ መልስ 90። ለሹፌሩ እረፍትና ለመዘግየት ማካካሻ 10 ደቂቃ ጨምሩ፦ 100። በ10 አውቶቡስ ስምሪት በየ10 ደቂቃው አንድ ይመጣል ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 20 ብናደርሰው አንድ ጉዞ 36 ደቂቃ ይሆናል፤ ደርሶ መልስ 72። 8 ደቂቃ እረፍት ሲጨመር 80። እነዚያው 10 አውቶቡሶች በየ8 ደቂቃው ይደርሳሉ። አዲስ አውቶቡስ የለም፤ አዲስ ሹፌርም የለም።

በሰዓት የተጨመረው 4 ኪሎ ሜትር ከየት ይመጣል? ብዙው ከፌርማታ ነው። በየ250 ሜትሩ መቆም በ12 ኪሎ ሜትር 48 ጊዜ መቆም ነው። በየ450 ሜትር ሲሆን 27 ይሆናል። በእያንዳንዱ ማቆሚያ 20 ሰከንድ ቢባክን ከ21 ፌርማታ 7 ደቂቃ ይገኛል። የቀረውን ሁለት ደቂቃ የትራፊክ መብራቱ ለአውቶቡስ ቅድሚያ ከሰጠ ታገኙታላችሁ። ፌርማታ ሲነሳ ግን ሰው ይቆጣል። ልክም ነው፤ በተለይ አዛውንትና በምርኩዝ የሚሄድ ሰው። ለዚህ ነው ማቋረጫውና መተላለፊያው ቀድሞ ይሠራ ያልኩት። የአጥር መተላለፊያ ሳይከፍቱ ፌርማታ የነሱ አስተዳደሮች አይቻለሁ። በሳምንቱ መልሰው ተከሉት።

ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመርን በተመለከተ ባልደረቦቼ የማይወዱትን ልናገር። በየ8 ደቂቃው ማለት በሰዓት 7 ወይም 8 አውቶቡስ ነው። እያንዳንዱ 60 ሰው ቢይዝ 450 ያህል። በዚህ ቁጥር ከ12ቱም ኪሎ ሜትር አንድ ረድፍ እንዲለቀቅላችሁ ብትከራከሩ ትሸነፋላችሁ፤ ረድፉ በመኪና ከዚያ በላይ ሰው ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ የሚታነቁትን ሁለት ሦስት መስቀለኛ መንገዶች ብቻ ያዙ። ከመብራቱ በፊት አውቶቡሱ ሰልፉን የሚያልፍበት 150 ሜትር ረድፍ ብዙ ያደርጋል። ሌላውን ተሳፋሪው ሲበዛ ትጠይቃላችሁ፤ ያኔ ቁጥሩ ይከራከርላችኋል።

መንገዱ የእናንተ ካልሆነና የበላይ መሥሪያ ቤት ካስተዳደረው አንድ እንቅፋት ይጠብቃችኋል። የእነሱ መለኪያ የመኪና መዘግየት ነው። እያንዳንዱ ማቋረጫ በዚያ መለኪያ ጉዳት ሆኖ ይመዘገባል። ከመሐንዲሶቻቸው ጋር ስለ ማቋረጫ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ስለ መለኪያው ተስማሙ። የሚቆጠረው መኪና ነው ወይስ ሰው? ይህን ሳትጨርሱ ወደ ሥዕል አትግቡ። ደግሞ የነዳጅ ማደያዎቹን መግቢያና መውጫ ቀንሱ። አንዳንዱ አራት አፍ አለው፤ ሁሉም የእግረኛውን መንገድ ይቆርጣል።

እንግዲህ «ማን ይቅደም» ወዳልነው እንመለስ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ወረቀት ላይ ይፈራረሙ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ቀንና ቁጥር ግን ይኑረው። በመጀመሪያው ዓመት ትራንስፖርት ፍጥነቱን ያስተካክላል፣ በሁለቱ ቦታዎች ማቋረጫ ይሠራል። በዚያው ዓመት ፕላን ክፍሉ የሁለቱን ቦታዎች ደንብ ይለውጣል፣ ሌላውን ይዘጋል። ከዚያ ለምሳሌ 400 ቤት ተሠርቶ ሰው ሲገባበት ምልልሱ ከ8 ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል። ቁጥሩን እናንተ ታወጡታላችሁ። ዋናው አንዱ ሲያደርግ ሌላው የሚያደርገው ቀድሞ መጻፉ ነው። «እናያለን» የሚል ቃል በወረቀቱ ውስጥ ከተገኘ ፈርማችሁ አልፈረማችሁም።

አደራ፣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ምልልስ ይሁን እንጂ ስለ ተሽከርካሪ ዓይነት አይሁን። አርሊንግተን ራሷ ሌላ መንገድ አላት፣ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባል። በ2003 ለዚያ መንገድ ልዩ የግንባታ ደንብ ወጣለት። የጎዳና ላይ ባቡርም ታሰበለት። ሕንፃዎቹ መምጣት ጀመሩ። ባቡሩ ግን በኅዳር 2014 ተሰረዘ። መንገዱን ደግፎ ያቆየው ቀድሞም ሲያገለግል የነበረው አውቶቡስ ነው። «ባቡር ሲመጣ ፎቅ እንፈቅዳለን» ብትሉ አንድ ምርጫ ሁሉንም ያፈርሰዋል። «በየ8 ደቂቃው የሚመጣ ነገር» ብትሉ ግን ነገሩ ጎማ ይኑረው ሐዲድ ግድ የለም።

የመሬት ዋጋ ፕላኑ በተሰማ ማግስት ይወጣል። መጋዘኖቹ መሀል በኪራይ የሚሠሩ ትንንሽ ወርክሾፖች ይኖራሉ፤ መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ ናቸው። አስተዳደሩ መሬት የመያዝ ሥልጣን ካለው ቦታዎቹን ይፋ ሳያደርግ በሁለቱም ጥቂት ቁራሽ ቀድሞ ይያዝ። በኋላ ለአቅመ ደካማ ተከራይ ቤት እንሥራ ስትሉ መሬት ፍለጋ ከመስመሩ 3 ኪሎ ሜትር መሸሽ አይኖርባችሁም።

ሁለቱን ቦታዎች ከመምረጣችሁ በፊት ቆጠራ አድርጉ። ሁሉም የሚቆጥረው ጠዋት ነው፣ የሚሳፈረውን። እናንተ ማታ ቁጠሩ፣ የሚወርደውን፤ ሲጨልም። እያንዳንዱ ሰው ከወረደ በኋላ በየት በኩል እንደሚሄድ በካርታ ላይ መስመር ስቡለት። ሦስት ማታ ይበቃል። መስመሮቹ አጥሩ ላይ የሚሰበሰቡበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩት፤ ቀዳዳ አታጡም።